ጉዳዩ፦ የሰው ጫማ አድርጋ የቆመች ልጅ ፎቶግራፍ እንዲፈለግልኝ ስለመጠየቅ

ለ፦ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር የድሮ ፎቶግራፍ ለያዛችሁ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ
ግልባጭ፦ ለከተማዬ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ነገር በማመልከቻ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አልሆነም። አሁን በግልጽ ልጻፈውና ያነበበ ሁሉ ይፍረደኝ ብዬ ነው።

የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። በ1962 ዓ.ም. በጋ ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጃንሆይ ከመኪና ወርደው ከአንዲት ልጅ አበባ ሲቀበሉ የተነሣ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍል። ዛሬ 64 ሞልቶኛል፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ማስታወሴም ደህና ነው፤ እሱን በዚህ ደብዳቤ ትፈትኑታላችሁ።

«አገሩ በስንት ነገር ተይዞ እሷ ስለ ፎቶ ታወራለች» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ግን እኔም ጊዜ የለኝም። በዚያ መንገድ ዳር አብረውኝ ከቆሙት ልጆች ስንቱን እንደቀበርን እኔ ነኝ የማውቀው።

ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ብትሆንም ብዙ ይወራላት ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊ የምንለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ በሶቪየቶች እርዳታ በ1955 ተቋቁመዋል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ቁልቁል የሚታይበት ቦታ፣ ቤተ መንግሥት ተሠርቷል። ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ ወደኛ ሊዛወር ነው እየተባለም ይወራ ነበር። እኛ ልጆች ያመንነው ወሬ ነው። አባቴ ግን «መጀመሪያ ወባው ይልቀቀን» ይል ነበር።

ጃንሆይ ይመጣሉ የተባለ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ሦስት ቀን ልምምድ ተያዘ። መምህራችን ጃንሆይ ሆነ። ጋቢውን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሜዳው መሃል ይቆማል። አበባ የለምና የባሕር ዛፍ ቅጠል እንሰጠዋለን። ትሄጃለሽ፣ እጅ ትነሻለሽ፣ አበባውን በሁለት እጅሽ ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ወደኋላሽ ትመለሻለሽ። ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ይህቺ ወደኋላ መመለስ የምትባለው ነገር ናት ሁላችንንም የጨረሰችን። እየተደናቀፍን፣ እየወደቅን፣ መምህሩ በጋቢው ውስጥ ሆኖ እየተሳደበ።

አበባ እንድትሰጥ የተመረጠችው እኔ አልነበርኩም። የሹም ልጅ ነበረች፤ መልኳ ያማረ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ካልሲ፣ በቀበቶ የሚታሰር የሚያበራ ጥቁር ጫማ። ስሟ ለበላይ ተልኳል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባንዲራ ይዤ ነበር፤ እግሬ ላይ በረባሶ። ቢሆንም ልምምዱን በዓይኔ እየተከተልኩ ከሷ በላይ አጥንቼዋለሁ። ማታ ማታ ለእናቴ እማድ ቤት ውስጥ አሳያት ነበር። ጃንሆይ የሚሆነው ምሰሶው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከአየር ማረፊያው በሚመጣው መንገድ ዳር ተደረደርን። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። የባሕር ዳርን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ የለም። ሽንት ቤት የለም። ከረድፍ የወጣ ኩርኩም ይቀምሳል። ከኔ ፊት የነበረው ልጅ ቆሞ ሱሪው ላይ ለቀቀው፤ ማንም አልሳቀበትም፣ ሁላችንም ደርሶብናልና።

አበባው ከአንድ ሆቴል ግቢ የተለመነ ቀይ ቦገንቪሊያ ነው፣ እሾሁ እንዳይወጋ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ሞተር ሳይክሎቹ ከሩቅ ሲሰሙ ያቺ ልጅ አበባዋን እንደያዘች ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። ፀሐይ ይሁን ወባ፣ ብቻ ዓይኗ ተገለበጠ። ተሸክመው ዛፍ ሥር አስቀመጧት፣ ጨርቅ አርሰው ግንባሯ ላይ አደረጉላት። መምህራችን ዞር ዞር ብሎ አየ። እናቴ ቀሚሴን በዋዜማው አጥባው ነበርና ከነበርነው ሁሉ ንጹሕዋ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። እጄን ይዞ ጎተተኝ።

እግሬን ሲያይ ግን ደነገጠ። በረባሶ! ሮጦ የወደቀችውን ልጅ ጫማና ካልሲ አውልቆ አመጣ። ጫማው ሁለት ጣት ይበልጠኛል። አበባው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ቀደደና ጫማው ውስጥ ወትፎ እግሬን ከተተው።

መኪናው ቆመ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ «አቤት! ጃንሆይ አቤት!» እያለ ወረቀቱን ወደ ላይ የሚያውለበልበው አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ። አንዲት ሴትዮ መሬት ላይ ተደፍታ ነበር። እኔን ከኋላዬ ገፋ አደረጉኝ።

አሁን ነውሬን ልናገር። ንጉሡን አላየኋቸውም። ማለቴ፣ በደንብ አላየኋቸውም። ከመኪናው አብራ የወረደች ትንሽ ውሻ ነበረች። በሕይወቴ እንዲያ ዓይነት ውሻ አላየሁም! የኛ ሠፈር ውሻ ማለት ጅብ የሚያባርር፣ ጆሮው የተቦጨቀ፣ ቁንጫው የሚቆጠር ነው። ይህቺ ድመት ታክላለች። ፀጉሯ የተበጠረ ነው። በኋላ ስናገር የሰማኝ ሁሉ «ሉሉ ናታ!» ይለኛል፤ የጃንሆይ ሉሉ የታወቀ ነውና። ጃንሆይ ብዙ ውሾች ነበሯቸው፣ የትኛውም ቢሆን እኔ ምን ቸገረኝ። ብቻ ዓይኔን ከውሻዋ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

እጅ ነሳሁ። አበባውን ሰጠሁ። ጃንሆይ ያኔ ወደ 78 ዓመታቸው ነው። ከሳቸው የማስታውሰው እጃቸውን ነው፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ የእናቴን እጅ የሚመስል። እንደሱ ያለ ትልቅ ሰው እጁም ትልቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር አሉኝ። አልሰማሁም! ውሻዋን እያየሁ። ብልጭ አለ፤ ያ የመጀመሪያው ፎቶ ነው።

ምን እንዳሉኝ ቤታችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ተከራክረናል። እናቴ ስሜን ነው የጠየቁኝ ትል ነበር። አባቴ መርቀውኛል ባይ ነው። መምህራችን ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠይቀው እንደነበር ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አውርቷል። ሦስቱም አጠገቤ አልነበሩም።

ከዚያ ወደኋላ መመለስ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፣ በአራተኛው አንድ ጫማ አስፋልቱ ላይ ቀረ። እኔ ወደኋላ እሄዳለሁ፣ ጫማው እዚያው ንጉሡ ፊት ቆሟል። ልመልሰው አልችልም፣ ልምምድ ላይ የለማ! ውሻዋ መጥታ አሸተተችው። ሰዎች ሳቁ። ያኔ ነው ሁለተኛው ብልጭታ። አንድ አጃቢ ጫማውን አንሥቶ አቀበለኝ፤ ሌላው እጄ ላይ አዲስ አንድ ብር አስጨበጠኝ።

እናቴ ማታ ጫማዎቹን ስትጠርግ የተወተፈውን ጋዜጣ አወጣችው። ያኔ ጋዜጣ ሲባል የፊት ገጹ የማን ፎቶ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ንጉሡን ስረግጥ ነው የዋልኩት። አማተበች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ጫማው በማግሥቱ ተወልውሎ ለባለቤቷ ተላከ። ያቺ ልጅ ግን የዚያን ቀን በባዶ እግሯ ነው ቤቷ የገባችው።

ብሩን እናቴ አልነካችውም። ያኔ በአንድ ብር ብዙ ነገር ይገዛ ነበር፤ ቢሆንም የአባቴ ዳዊት ውስጥ ከተተችው። ፖሊ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ግን ሳቀብኝ። እነሱ ግቢ «መሬት ላራሹ» ይባላል፣ እኔ አበባ አቀብላለሁ። «በስንት ሰዓት ፀሐይ ነው አንድ ብር የተከፈለሽ?» አለኝ። አምስት ሰዓት ቆሜያለሁ፣ አስልቼ ነገርኩት። የሒሳብ መምህርት የሆንኩት ምናልባት ከዚያ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ደስ አለው፣ እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ያቺ ውሻ ምን ሆና ይሆን ብዬ አሰብኩ። (ሰው ይታዘበኛል፣ ይታዘበኝ።) በ1969 ደርግ የብር ኖቱን ሲቀይር ቤታችን ያለው ሁሉ ተለቅሞ ባንክ ሄደ። ዳዊቱ ውስጥ ያለችው ብቻ ቀረች። የጃንሆይ ፊት ያለበትን ነገር ቤት ማስቀመጥ ያኔ ያስፈራ ነበር። እናቴ ምን ብላ እንደደፈረች ሳልጠይቃት ሞተች። ብሯ አሁን እኔ ጋ አለች። በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ይላል። ምንም አትገዛም። ብቻ ማስረጃዬ እሷ ናት። ብሯ እኔ ጋ፣ ፎቶው እናንተ ጋ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ፤ «እማማ፣ ከጃንሆይ ጋር ፎቶ መነሣትሽን እኛ እንዴት እናረጋግጣለን?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሁለተኛው የፎቶውን ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩን ባውቅማ ምን ያመላልሰኝ ነበር? ሦስተኛው ጋ አንድ ትሑት ወጣት አገኘሁ፤ ስሙን ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አለቃው እንዳይቆጣው ልተወው። አስቀምጦኝ፣ ሻይ አዝዞልኝ፣ ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረልኝ። ፎቶዎቹ የተደረደሩት በመሪው ስምና በጉብኝቱ ቀን ነው። ቀኑን በትክክል አላስታውስም። በልጅ ስም መፈለግ ይቻል እንደሆነ ስጠይቀው አፍሮ ዝም አለ። ከዚያ ጥቂቶቹን ከፍቶ አሳየኝ። መግለጫቸው ያው ነው። ባለሥልጣኑ፣ አምባሳደሩ፣ ጄኔራሉ ከነማዕረጋቸው ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርዝረዋል። ልጅ ካለ «ሕፃናት» ይላል።

የልጅ ልጄማ በስልኳ ፈልጋልኝ «አያቴ፣ ጎግል ላይ የለሽም» አለችኝ። የለሁም እንግዲህ።

እናንተን ብቻ አልወቅስም። እኔም ያው ነኝ። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ አስተምሬያለሁ። መንግሥት ተለዋወጠ፣ መሪ በመጣ ቁጥር ግን ልጆች እናሰልፋለን። የሚለወጠው መፈክሩ ነው። እኔም እንደዚያ መምህር ረድፍ አስተካክያለሁ፣ መልከ መልካሟን መርጫለሁ፣ በረባሶ ያደረገውን ወደኋላ አድርጌያለሁ። አዎ፣ እኔ! የበረባሶዋ ልጅ! አንድ ዓመት አንድ ተማሪዬ እንደዚያች ልጅ ሲወድቅ ነው የነቃሁት። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሲባል ጀሪካን ውኃ አሸክሜ እወጣ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ለእይታ አያምርም» አለኝ። ጀሪካኑን ከዛፍ ጀርባ አደረግነው።

ከነዚያ ልጆችም ፎቶ የተነሡ አሉ። የስንቱን ስም ጻፍኩ? የአንዱንም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይኸው ነው። ፎቶዎቹን ባሕር ዳር አምጡልን። ዋናውን አላልኩም፣ ኮፒውን። ባሕር ዳርና በዙሪያዋ፣ ዘጌም፣ ጢስ ዓባይም፣ መሪዎች ሲመጡ የተነሡትን፣ የጃንሆይንም የደርግንም የኢሕአዴግንም የዛሬውንም ሳትለዩ አትማችሁ ሙሉዓለም አዳራሽ ስቀሉልን። አዳራሹ ካልተመቸ ሐይቁ ዳር ገመድ ይወጠር፣ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙ። የጥምቀት ሰሞን ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሌላ አገር ያለው ልጃችን ሁሉ ያኔ ይመጣል። ከየፎቶው ሥር ባዶ ወረቀትና እርሳስ አድርጉ። እኛ ሽማግሌዎቹ መነጽራችንን ይዘን እንመጣለን። ይቺ የእገሌ ልጅ ናት፣ ይሄ በወባ የሞተው ነው፣ ይቺ አሜሪካ ናት፣ ይሄ ያ ጎረምሳ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳው ነው እያልን እንጽፍላችኋለን። ጥቂት ጭቅጭቅ ይኖራል፤ አንዱን ልጅ ሁለት ሴት «እኔ ነኝ» ትለው ይሆናል። ለዚያ እርሳስ ያልኩት፣ ይጠፋል።

ገንዘብ እንደሌለ አውቃለሁ። የማተሚያውን እኛ ጡረተኞቹ ተዋጥተን እንሞክራለን። ፈቃዱን ነው መዋጣት ያቃተን።

የኔን ፎቶ ካገኛችሁት እንዳትሳሳቱ ምልክቴ ይኸው። ጠቆር ያልኩ ቀጭን ልጅ ነኝ፣ ጸጉሬ ሹሩባ፣ ነጭ ቀሚስ ከታች የተቀጠለ። የሌሎቹ ልጆች ዓይን ንጉሡ ላይ ነው፣ የኔ መሬት ላይ ነው፣ ውሻዋ ባለችበት። ጫማዬ ለእግሬ ይሰፋል። በሁለተኛው ፎቶ እኔ ከነጭራሹ ላልኖር እችላለሁ፤ አንድ ጥቁር ጫማና አንዲት ውሻ ብቻ ቢሆን አትጣሉት፣ የኔ ነው።

በጀርባው ወይም በመዝገቡ የልጅ ስም ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ የኔ አይደለም። የዚያች ልጅ ነው፤ የተላከው ዝርዝር ላይ የነበረችው እሷ ናት። አትሰርዙት። ስሟ እዚያ ይቆይ፣ የኔን ከጎኑ ጨምሩልኝ።

አባቷ በ1967 ታሠረ ተባለ። ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ በሌሊት ከተማውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ይህን የምታነብ ከሆነ እኔን ታውቀኛለች፤ ጫማዋን ሲያወልቁላት ዓይኗን ገልጣ አይታኛለች። እናንተም ፎቶውን ስታዩ ንጉሡን እለፏቸውና ከኋላ ወዳለው ዛፍ ተመልከቱ። ከሥሩ ባዶ እግሯን የተቀመጠች፣ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያለባት ልጅ ካለች እሷ ናት።

ስለዚህ ኮፒው ሁለት ይሁንልኝ። የሁለቱንም እኔ እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት
ባሕር ዳር